የእትዬ ሚዛን የስም ዝርዝር

እትዬ ሚዛን ደክሟታል። ይህን ስል ዛሬ ጠዋት ደክሟታል ማለቴ አይደለም፤ እኔ ይህን ቢሮ ከረገጥኩበት ቀን ጀምሮ ደክሟት ነው የማውቃት። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው ወደ ተራራ ጫፍ ስትልክ ኖራ፣ ራሷ ከአራተኛ ፎቅ ወርዳ ቤቷ ለመድረስ አቅም የሚያጥራት ሴት ናት። ሰባት ሺህ ሜትር በሚያልፍ በረዶ በለበሰ ተራራ ላይ ማን በስንተኛው ቀን የት እንደሚያድር፣ ምን እንደሚበላ፣ ስንት ሜትር ገመድ የት ላይ እንደሚታሰር፣ በስንት ሰዓት ፊቱን አዙሮ እንደሚወርድ የምትወስነው እሷ ናት። ሰዉ ተራራ የሚወጣው በእግር ይመስለዋል። ኧረ በወረቀት ነው! መጀመሪያ እሷ ወረቀት ላይ ትወጣዋለች፣ እግር ኋላ ነው የሚከተለው።

እኔ የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ነኝ። ኃላፊ ይበሉኝ እንጂ ከእኔ በታች ያለው ወለሉ ብቻ ነው። ድንኳኑን፣ ገመዱን፣ የኦክስጅን ጠርሙሱን፣ በረዶ ላይ ለመራመድ ከጫማ ስር የሚታሰረውን የብረት ጥርስ፣ ሁሉንም የማስረክበውም የምረከበውም እኔው ነኝ። ዕቃ ቤቱ ምድር ቤት ነው፣ እሷ አራተኛ ፎቅ ናት፤ አሳንሰሩ የሚሠራው ሲያሰኘው ነው። ጉልበቴን የጨረሰው ተራራ አይደለም፣ ያ ደረጃ ነው።

"ሚዛን" ስሟ አይደለም። ጠረጴዛዋ ላይ አንዲት ትንሽ ሚዛን አለች፣ በዚያች ያልመዘነችው ነገር የለም። ክብደት ይቀንሳል ብላ የጥርስ ብሩሽ እጀታ ሳይቀር ታስቆርጣለች። አንድ ጊዜ አንዱ ደንበኛ የሚስቱን ፎቶ ከነፍሬሙ ይዞ ቢመጣ፣ መዘነችና "ሚስትህ ትሂድ፣ ፍሬሙ ይቅር" አለችው። "እትዬ" የምንለው ደግሞ ከወንድሟ አፍ ሰምተን ነው። ታናሽ ወንድሟ እዚሁ የገመድ መሪ ነበር። እኔ በአስር ዓመት እበልጣታለሁ፣ እኔም እትዬ ነው የምላት፤ እሷ ጋሼ ትለኛለች። እንዲህ ተከባብረን ስንጨቃጨቅ እንውላለን።

ወንድሟን ፍየሉ እንለዋለን። ሌላው ሰው እጁን የሚያሳርፍበት ባጣበት ቋጥኝ ላይ እሱ እያፏጨ ይወጣል። እናታቸው ቶሎ ስለሞተች አጥባ አጉርሳ ያሳደገችው እሷ ናት። ሳታገባ የቀረችው በሱ ምክንያት ነው የሚሉ አሉ። እሷን ስትጠይቃት "ማን መዝኖኝ!" ብላ ትስቃለች፤ ከዚያ ወሬውን ትቀይረዋለች።

ያን ሰሞን የምትሠራው ጉዞ የአርባ አንድ ቀን ነበር። አምስት ደንበኞች፣ አራት መሪዎች። ከዋናው ካምፕ በላይ ሦስት ካምፖች አሉ፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ቀጥ ያለ የበረዶ ግድግዳ አለ፣ እሱ ብቻውን ስምንት መቶ ሜትር ገመድ ይበላል። ደግሞ ዝም ብሎ ሽቅብ አይኬድም። ሰውነት ቀጭኑን አየር እንዲለምድ ከፍ ብለው ይውላሉ፣ ዝቅ ብለው ያድራሉ፣ እንደገና ይወጣሉ፣ እንደገና ይወርዳሉ። እትዬ ይህን ሁሉ በትልቅ ወረቀት ላይ በእርሳስ ትሠራዋለች። ኮምፒውተር አለ፣ አለቃችን ገዝቶላታል፤ ሻርፗን አልብሳው ተቀምጧል። አንዱ ካምፕ በአንድ ቀን ከዘገየ የሁሉም ምግብ፣ የሁሉም ጋዝ ይዛባል፤ ትፍቃለች፣ ትጽፋለች፣ ትፍቃለች። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ብዬ ስተርባት፣ "እርሳስ ይለቃል፣ ጋሼ" ትለኛለች።

የአራተኛው መሪ ስም ቦታ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ባዶውን ቆየ። ፍየሉ ይሂድ ወይስ ይቅር? ነገሩ ይኸው ነበር። ቢሄድ ሊሞትባት ይችላል። ቢቀር ደግሞ ከዚህ ሥራ ሌላ የሚያውቀውም የሚወደውም ነገር የለውም።

ከሁለት ዓመት በፊት ሦስተኛው ካምፕ ላይ ከፍታው ጭንቅላቱን ያዘው። ይህ ክፉ በሽታ ነው፤ አንጎል ያብጣል፣ ሰውዬው እንደ ሰካራም ይሆናል፣ እሱ ግን አይታወቀውም። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት እሱ ነው። የዚያን ቀን እትዬ በሬዲዮ "እንዴት ነህ?" አለችው። "ደህና ነኝ፣ ተመስገን! አንቺ እንዴት ነሽ? ወገብሽን ተሻለሽ? ጋሼስ ደህና ናቸው? ጎረቤቶቹስ?" አላት። ከሰላምታው አንዲት ቃል አልጎደለችም። እኛም እሰይ ብለን ሻይ አስመጣን። አንድ ሰዓት ሳይሞላ አብሮት ያለው መሪ በሬዲዮ ተጣራ። ፍየሉ ጫማውን ግራና ቀኙን አዘዋውሮ አጥልቆ፣ "አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ" እያለ ከድንኳኑ ሊወጣ ሲል ነው የያዝኩት አለ። ከድንኳኑ በር አስር እርምጃ አልፎ ገደል ነው። በገመድ አስረው እየጎተቱ አወረዱት፣ ተረፈ።

የኛ ሰው እንዴት ነህ ሲሉት ደህና ነኝ የሚለው አስቦ አይደለማ። ምላስ ብቻዋን ታውቀዋለች። እግሩ ተሰብሮ የተኛ ሰው እንኳ መጀመሪያ ደህና ነኝ ይልሃል፣ ከዚያ ነው ስለ እግሩ የሚያጫውትህ። እትዬ ይህን ካየች ወዲያ በሬዲዮ ሰላምታ ከለከለች። በትልልቁ ጽፋ ከሬዲዮው በላይ ለጠፈችው፦ "እንዴት ነህ አይባልም። ደህና ነኝ አይባልም።" በዚያ ፈንታ ሦስት ጥያቄ አለ። መጨረሻ የበላኸው ምንድን ነው? ከጎንህ ማን አለ? ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነስክ ቁጠር። መጀመሪያ ላይ ሁላችንም አፈርን። ሰው ከብርድ ጋር ሲተናነቅ አድሮ፣ እንደምን አደርክ እንኳ ሳትለው ምን በላህ ትለዋለህ? የአንዱ መሪ እናት ሰምተው "ይህቺ ሴትዮ ማን ነው ያሳደጋት?" አሉ አሉ። እትዬ ግን ንቅንቅ አላለችም።

ያየው ሐኪም፣ በሽታው አንዴ የያዘውን ሰው ደግሞ ሊይዘው ይችላል አለ። ይሂድም አላለ፣ አይሂድም አላለ፤ ሐኪም ሲፈራ እንዲህ ነው። ስለዚህ እትዬ ፈተና አወጣች። ቅርባችን ያለ አምስት ሺህ ሜትር የሚጠጋ ተራራ ላይ ፍየሉ ሦስት ሌሊት ይደር፣ በየቀኑ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ በሬዲዮ ይጠየቅ። ካለፈ ስሙ ይገባል። አብሮት ዝምተኛው የምንለው መሪ እንዲሄድ አደረገች።

ሊሄዱ ሲሉ ምግባቸውን ያሸግኩት እኔ ነኝ። እትዬ ወረቀት ላይ፣ ግልባጩ ከነሱ ጋር በሚሄደው፣ የሁለተኛው ቀን እራት "ፓስታ በቲማቲም" ይላል። ፓስታው አልቋል። ሩዝና ምስር ከተትኩና ከረጢቱን አሸግኩት። እንዲህ ሲሆን ወዲያው ወጥቼ ወረቀቱን ማስተካከል ደንብ ነው። ግን ለአንድ ቃል አራተኛ ፎቅ ማን ይወጣል? ነገ አልኩ፣ ነገም ረሳሁት። ፍየሉ ትከሻዬን አቅፎ "ጋሼ፣ ዘንድሮን ብቻ። ከዚያ በኋላ እሷ ያለችኝን እሆናለሁ" አለኝ። አንጀቴን በላው። ልጄ ቢሆን ከዚያ በላይ አልወደውም ነበር።

የመጀመሪያው ጠዋት በሰላም አለፈ። በሁለተኛው ሌሊት ማግስት አራት ሰዓት ሲሆን እኔም ለመስማት ወጣሁ። እትዬ ሬዲዮውን አፏ ላይ አስጠግታ፣ "መጨረሻ የበላኸው ምንድን ነው?" አለች።

"ማታ ፓስታ በቲማቲም፣ ጠዋት አጃ።"

"ከጎንህ ማን አለ?"

"ዝምተኛው፣ ከአፍንጫው በቀር ምኑም አይታይ!"

"ከመቶ ላይ ሰባት።"

"ዘጠና ሦስት፣ ሰማንያ ስድስት፣ ሰባ ዘጠኝ፣ ሰባ ሁለት፣ ስልሳ አምስት፣ ሃምሳ ስምንት። ልቀጥል፣ እትዬ?"

"ይበቃል፣ የኔ ጌታ" አለች። የኔ ጌታ! እንዲህ ስትለው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ፊቷ ሁሉ ፈታ አለ። እርሳሷን አስቀምጣ እስክሪብቶ አነሳችና በአራተኛው መሪ ቦታ ላይ ስሙን ጻፈች።

እኔ ግን ፓስታ የምትለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። የት ያገኘውን ፓስታ ነው የበላው? ሩዝና ፓስታ ደግሞ የሚምታታ ነገር አይደለም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ወረድኩ። ዕቃ ቤት ገብቼ የሩዙን ሳጥን አየሁ፣ ሁለት ከረጢት ጎድሏል። ምናልባት ተሳስቶ ይሆናል አልኩ። ምናልባት ቀልዶ ይሆናል አልኩ። የድንኳን ዘንግ ልቆጥር ጀመርኩ፣ ሦስት ጊዜ ቆጥሬ ሦስት የተለያየ ቁጥር አገኘሁ። ልጁ ከበላ አይሳሳትም፤ ካልበላ ደግሞ ከወረቀቱ ላይ አንብቦ ነው። ባልናገር ስሙ ገብቷል፣ ደስ ይለዋል፣ እሷም ደስ ብሏታል። ብናገር የሁለቱንም ደስታ የማበላሸው እኔ ነኝ፣ ያውም በራሴ ስንፍና። አይ የኔ ነገር! ለአንድ ቃል አራተኛ ፎቅ አልወጣም ያልኩት ሰውዬ፣ ለአንድ ቃል እያለከለክሁ ወጣሁ።

"እትዬ፣ ከረጢቱ ውስጥ ፓስታ አልነበረም። ሩዝ ነው ያሸግኩት።"

"ወረቀቱስ?"

"አላስተካከልኩም።"

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፣ ምነው በጮኸችብኝ። ሬዲዮውን አንስታ ዝምተኛውን ጠራችው፤ ከወንድሟ ራቅ ብሎ እንዲቆም ነገረችው።

"ትናንት ማታ ምን በላችሁ?"

"እኔ ሩዝ በላሁ።"

"እሱስ?"

"እትዬ፣ እሱ ከትናንት ወዲያ ማታ ጀምሮ የዋጠው ሁሉ ይመለሳል። ሌሊት የድንኳኑን ዚፕ መክፈት አቅቶት እኔ ነኝ የከፈትኩለት። እንዳትናገር ብሎ አስምሎኝ ነው።"

"ቁጥሩን እንዴት ቆጠረው?"

"ከቤት ሲወጣ መዳፉ ላይ ጽፎት ነበር።"

"አሁኑኑ አውርደው። ዕቃው ይቅር። አንተ ከኋላ፣ እሱ ከፊት፣ በገመድ ታስራችሁ" አለች። ድምፅዋ ጨርሶ አልተንቀጠቀጠም።

በማግስቱ ቢሮ መጣ። ይህ በሽታ ዝቅ ሲሉ ይለቃል፣ ፊቱ ጤነኛ ነበር፤ ላየው ሰው ይህን ምን ሆነ ብለው ይከለክሉታል ያሰኛል። በሩ ላይ ቆሞ "እትዬ፣ ራሴን አመመኝ፣ በቃ። ማን ያልታመመ አለ? አንድ ሌሊት ብትጨምሪልኝ ይለምድልኝ ነበር" አላት።

"ይሆናል።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ዋሸኸኝ። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ የማይህ በአፍህ ነው። አፍህ ከዋሸኝ ዕውር ነኝ።"

"አንቺ ድሮም ተራራ የምታውቂው በወረቀት ነው!"

"አዎ፣ በወረቀት ነው። የሄዱትን ሁሉ በወረቀት አውቃቸዋለሁ፣ ያልተመለሱትንም እንደዚያው።"

"ስሜ እንደገባ ሰው ሁሉ ሰምቷል። አሁን በምን ዓይኔ ነው የማያቸው?"

"ይኸው፣ ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይሄ ነው። ከበረዶው ይልቅ ሰው የፈጀው እሱ ነው" አለችው።

ወደ እኔ ዞረ። "እርስዎም ጋሼ! በሩዝ ሸጡኝ?" አለኝ። አንገቴን ደፋሁ። እሱ ግን ገና አልጨረሰም፣ ወደ እሷ ተመልሶ፣ "እህት ነበረችኝ፣ ሞታለች" አለና በሩን ወርውሮት ወጣ። እትዬ ስሙን ልትሰርዝ ብትል በእስክሪብቶ ነው የተጻፈው፣ አልለቅም አለ። ወረቀቱን ቀድዳ ጣለችውና በሱ ቦታ ሌላ መሪ አስገብታ አርባ አንዱን ቀን ከመጀመሪያው ጀምራ ጻፈችው። ሁለት ቀን ፈጀባት። ላግዝሽ ብላት "የርስዎን እገዛ አየሁት" አለችኝ፤ ዋጥኩት፣ ይገባኛል።

ያ ሁሉ ግን ገና አልከፋም ነበር። የከፋው በተጣሉ በአስራ አንደኛው ቀን መጣ። ከምሳ በኋላ ስልኩ ጮኸ። ከሌላ ድርጅት የምትደውል የሷ ቢጤ እቅድ አውጪ ናት፣ ልጅ እግር፣ አንደበቷ የታረመ። ወንድምሽ እኛ ጋ አመልክቷል፣ እሱን የመሰለ ሰው ማጣት አንፈልግም፣ እኛም ያንኑ ተራራ ነው የምንሄደው፣ ለወጉ ያህል ልጠይቅሽ ብዬ ነው፣ ጤናው እንዴት ነው አለቻት። ስልኩ ጮክ ስለሚል ሁሉንም ሰማሁት።

እውነቱን ልናገር አይደል? በልቤ ደህና ነው በያት አልኩ። አንድ ቃል ናት። የሰው ድርጅት ነው፣ የሰው ኃላፊነት ነው፣ ቢሆንም ባይሆንም በኛ ወረቀት ላይ አይጻፍም። ወንድሟም ይታረቃታል። ይህን ሁሉ በዓይኔ ነገርኳት፣ እሷም በደንብ ገባት። ስልኩን ይዛ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ሁሉንም ነገረቻት፤ የሁለት ዓመት በፊቱን፣ የጫማውን፣ የአውቶቡሱን፣ ያሁኑን ማስመለስ፣ መዳፉ ላይ የጻፈውን። አንዱንም አላስቀረችም። ልጅቷ አመስግና ዘጋች።

"ጨረስኩት" አለች እትዬ። "ጋሼ፣ ወንድሜን ጨረስኩት።"

እውነቷን ነው። እዚህ ከተማ ይህን ሥራ የሚሠራ አራት ቢሮ ነው ያለው፣ ሁሉም በሳምንቱ ሰማ። ከዚያ ወዲያ ፍየሉን ገመድ የሚያስጨብጠው ጠፋ። ቤቷ መምጣቱን ተወ፣ ስልኳን አያነሳም። በመንገድ ያገኘችው ቀን አይቶ እንዳላየ ተሻግሮ ሄደ። እሷም ቢሮ ገባች፣ የዚያን ቀን ስትመዝን ሁሉ እየተሳሳተች እኔ ነበርኩ የማርመው።

ጉዞው ሄዶ ተመለሰ። አምስቱም ደንበኞች፣ አራቱም መሪዎች አንድ ጣት እንኳ ሳይጎድላቸው መጡ። አለቃችን አጨበጨበ። እትዬ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች "እሺ፣ የሚቀጥለው መቼ ነው?" አለች። ደስታም ኀዘንም የሌለበት ድምፅ ነበር፣ እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው። ሰው እንዲህ ሲደክመው አይቼ አላውቅም።

ትናንት ጠዋት ነው እንግዲህ። የሁለተኛውን ካምፕ ጋዝ እየቆጠርን ሳለን መስኮቱ ላይ ጥላ ወረደ። ቀና ስል ሰው በገመድ ተንጠልጥሏል፣ ወገቡ ላይ ባልዲ፣ እጁ ላይ የመስታወት መጥረጊያ። ፍየሉ ነው። የፎቅ መስታወት የሚያጥብ ድርጅት ገባ ሲሉ ሰምቼ ነበር፣ የኛን ሕንጻ ያጥባል ብዬ ግን አላሰብኩም። እጄን አነሳሁለት። አላየኝም፤ አይቶኛል እንጂ!

እትዬ ተነስታ መስኮቱ አጠገብ ሄደች። በመካከላቸው መስታወቱ ብቻ ነው፣ አንድ ስንዝር አይሞላም። እሷ ፊቱን አላየችም። ዓይኗ ገመዱን ተከትሎ ወጣ፣ ደረቱ ላይ ያለውን ቋጠሮ አየች፣ ማያያዣ ቀለበቱ መቆለፉን አየች፣ ሁለተኛው መጠባበቂያ ገመድ መኖሩን አየች፣ ከዚያ እንደገና ከላይ እስከ ታች አየችው። እሱ ሳሙናውን ቀባ፣ ፊቷ ተሸፈነ። ጠረገው፣ ፊቷ ወጣ። አንዴም ዓይኑን አላነሳም። ጥግ ጥጉን ጨርሶ በእግሩ ግድግዳውን ገፋ አደረገና ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወረደ።

እኔ ተናደድኩ። "ቢያንስ ራሱን ቢነቀንቅልሽ ምን ነበረበት? ይህን ያህል ኩርፊያ ምንድን ነው! ላሳደገች እህት!" አልኩ።

"ይተዉት ጋሼ" አለች። "ያኩርፈኝ። የሞተ ሰው አያኮርፍም።"

ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች፣ እኔም አጠገቧ ቆምኩ። ከታች ፎቅ የሚመጣው የመጥረጊያው ድምፅ ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ ወደ ጋዙ ቆጠራ አልተመለስንም።